ከተሰባበረው የተሠራ ጀግና

እስቲ ዛሬ አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በቤታችሁ አልጋ ሥር ወይም ቁም ሳጥን ላይ ክንዱ የወለቀ፣ አንገቱ የተቆረጠ፣ እግሩ የጠፋ አሻንጉሊት የሞላበት ካርቶን አለ? ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። እናት “ይጣል” ትላለች፤ ልጅ “አይጣልም” ይላል፤ አባት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካርቶኑ መኖሩንም አያውቅም። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ስለዚህ ካርቶን ነው። ርዕሱ ለትልልቅ ሰዎች የቀለለ ሊመስላችሁ ይችላል። በእኛ ቤት ግን ይኸው ካርቶን እኔንና ባለቤቴን ሳምንት ሙሉ አከራክሮናል፤ ከአንዲት መልካም ጎረቤታችን ጋርም ሊያቀያይመን ምንም አልቀረውም ነበር።

የምንኖረው ተክለ ሃይማኖት ነው። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው እዚህ አካባቢ ዕቃ በቀላሉ “ሞተ” እንደማይባል ያውቃል። ወደ መርካቶ ዘለቅ ሲሉ ምናለሽ ተራ አለ፤ የተጣለ በርሜልና ቆርቆሮ እዚያ ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ ሆኖ ይወጣል። ሶማሌ ተራ ደግሞ የመኪና መለዋወጫ አገር ነው፤ ከአንዱ መኪና የወለቀ በር ለሌላው በር ይሆናል። እኔም እንጀራዬን የማገኘው ከመለዋወጫ ነው። ጠዋት ጠዋት “ቁራሌው!” የሚለው ልጅ በበራችን ሲያልፍ ባለቤቴ ካርቶኑን ታወጣለች፤ ልጃችን ደግሞ ከኋላዋ እየተከተለ ይመልሰዋል።

“አባዬ፣ እግር ፈልግለት”

ነገሩ የተጀመረው ልጃችን ሰባት ዓመት በሞላው ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። ካርቶኑ ውስጥ ከወገቡ በታች የሌለ ስፓይደርማን፣ ጭንቅላቱ የጠፋ ነፃ ትግል ታጋይ፣ አንድ የሮቦት ክንድና የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ብዙ እግሮች ነበሩ። አንድ ማታ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስፓይደርማኑን አመጣና፣ “አባዬ፣ አንተ ለመኪና ዕቃ ትፈልግ የለ? ለዚህም እግር ፈልግለት” አለኝ። እኔም ካቻቢቴዬን አወጣሁ።

አሻንጉሊት መጠገን ከመኪና ጥገና ብዙ የራቀ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው መገጣጠሚያው ነው። አንዳንዱ ጀርባው ላይ ትንሽ ብሎን አለው። ብሎኑ ሲፈታ ደረቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ውስጡ እግሩንና ወገቡን ከደረቱ ጋር ወጥሮ የያዘ የጎማ ቀለበት ይገኛል። ጎማው ከተበጠሰ ከጎሚስታ የተለመነ ቀጭን የካላማዳሪ ቁራጭ ይተካዋል። ሌላው ዓይነት እንደ ትከሻ አጥንታችን ድቡልቡል ራስና ጎድጓዳ ማቀፊያ ያለው ነው። ይህን በጉልበት መንቀል መስበር ነው። ሙቅ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቆይ ግን ፕላስቲኩ ይለዝባል፤ ያን ጊዜ ክንዱ ሳይሰበር ይወጣል፣ የሌላውም ክንድ ይገባል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ተመልሶ ይጠነክራል።

ድቡልቡሉ ራስ ለማቀፊያው ካነሰ ሱፐር ግሉ በስሱ ቀብቶ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅና መግጠም ነው፤ ከተለቀ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል። ጨርሶ የማይገጥም ከሆነ ሁለቱንም በጋለ መርፌ በስቶ በመካከላቸው አጭር ሽቦ ማስገባት ይቻላል። የሚቀረውን ክፍተት የመኪና አካል የሚጠግኑ ሰዎች የሚጠቀሙበት ስቱኮ ይሞላዋል።

በሦስተኛው ማታ የስፓይደርማን ደረት፣ የታጋዩ እግርና የሮቦቱ ክንድ ያለው ሰው ጠረጴዛችን ላይ ቆመ። ካባው ከልብስ ሰፊ የተገኘ ቁራጭ ጨርቅ፣ ጋሻው ቆርኪ፣ ጦሩ የተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ ነበር። ልጄ “ቶሎ ደራሽ” ብሎ ሰየመው። ሦስቱንም ማታ ቴሌቪዥኑን የከፈተ ሰው አልነበረም።

ነገሩ ከየት መጣ?

እንዲህ ዓይነቱ አሻንጉሊት ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ በሥዕላዊ መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን፣ የፈጠሩትም ከስደተኛ አይሁድ ቤተ ሰቦች የተወለዱ ሁለት ወጣቶች፣ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ሃስብሮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ መገጣጠሚያዎቹ የሚተጣጠፉ ወታደር ለገበያ አቀረበ። ወንዶች ልጆች “የሴቶች አሻንጉሊት ነው” ብለው እንዳይሸሹትም “አክሽን ፊገር” የሚል አዲስ ስም ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኬነር የተባለው ኩባንያ የስታር ዎርስ ፊልም ሰዎችን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ አሳንሶ ሸጠ። በ1982 ሃስብሮ ወታደሩን በዚያው መጠን ሲያወጣው ደግሞ ቅድም የነገርኋችሁን የጀርባ ብሎንና የጎማ ቀለበት ይዞ መጣ። ብሎን ያለው ነገር ሁሉ እንደሚፈታ ልጆች ያውቃሉ። የአንዱን ክንድ ለሌላው እየገጠሙ የራሳቸውን ጀግና የሚሠሩ ሰዎች በብዙ አገር አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጎልማሶች ናቸው።

በእኛ አገር ልጅ መጫወቻውን ራሱ መሥራቱ አዲስ ነገር አይደለም። የሽቦ መኪና፣ ከካልሲና ከጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ፣ እረኛ ከጭቃ የሚሠራው በሬ ሁላችንም የምናውቃቸው ናቸው። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ የሰውና የእንስሳ ቅርጽ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። ዛሬ ጭቃው ፕላስቲክ ሆነ፤ የልጆቹ እጅ ግን ያው ነው።

የባለቤቴ ጥያቄዎች

ባለቤቴ በቤተ ክርስቲያናችን በሕፃናት አገልግሎት ታስተምራለች። ጠረጴዛው ላይ የጀግኖቹ ቁጥር አምስት ሲደርስ ነገሩ ከበዳት። በልጁ ፊት ምንም አላለችም። ልጁ ከተኛ በኋላ ግን ሻይ አፍልታ ተቀመጠችና “እንነጋገር” አለችኝ።

“ባለፈው እሑድ ስለ ሳምሶን ሳስተምር አንዱ ሕፃን ምን ብሎ እንደ ጠየቀኝ ታውቃለህ? ‘ሳምሶንና ሱፐርማን ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?’ አለኝ።”

ሁለታችንም ሳቅን። እርሷ ግን ሳቋን ቶሎ ጨርሳ ሦስት ነገር አስቀመጠች። እነዚህ ጀግኖች ችግርን ሁሉ በቡጢ ይፈታሉ፤ ልጃችን ከዚህ ምን ይማራል? ሁሉን የሚችል ሰው በጭምብል ተሸፍኖ ከሰማይ ይመጣል ብሎ ማሰብ ሲለምድ፣ የምናስተምረውን እምነት እንደ ሌላ ተረት አይቆጥረውም ወይ? ደግሞስ ከአምስቱ አንዱ እንኳ መልኩ የእኛን ልጅ የሚመስል ለምን የለም?

እኔም የልቤን ነገርኋት። “ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጧል። ካቻቢቴ አያያዝ ለመደ፤ መታገሥ ለመደ። ይህን ብናስቀርበት የሚመለሰው ወደ ቴሌቪዥኑ ነው፤ እዚያ ያሉት ጀግኖች ደግሞ እኛ የማንነካቸው ናቸው” አልኋት።

በአንድ ማታ አልተስማማንም። ሳምንት ያህል ወሰደብን። ውድ ባለትዳሮች፣ ይህን የምነግራችሁ ክርክሩ ያማረ ስለ ነበረ አይደለም፤ አንዱ ማታ ተኳርፈን ነው የተኛነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ጠብቀናል። ልጁ በሚሰማበት ቦታ አልተከራከርንም። ጉዳዩ እስኪወሰንም እርሷ ካርቶኑን ለቁራሌው አልሰጠችም፤ እኔም ስድስተኛ ጀግና አልጨመርሁም።

በመጨረሻ ሦስት ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ የሚሠራው ሁሉ ልጁ ያወጣለት የአገራችን ስምና የአገራችን ሰው መልክ ይኑረው። ሁለተኛ፣ የሚረዳው ሰው ይኑረው፤ “ማንን መታ?” ሳይሆን “ለማን ደረሰ?” ተብሎ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የማይችለው ነገር ይኑረው። ይህ ሦስተኛው የባለቤቴ ነው። “ሁሉን ቻይ አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሳምሶንም ቢሆን የማይችለው ነገር ነበረው። ልጃችን ይህን በጨዋታው ውስጥ ይወቀው” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካባውንና ጋቢውን የምትሰፋው እርሷ ሆነች፤ የአምስቱንም ፊት ቡናማ ቀለም ቀባናቸው።

በአገራችን የተፈጠሩ ጀግኖች

ሦስተኛው ጥያቄዋ፣ ማለትም “የእኛን ልጅ የሚመስል ለምን የለም?” የሚለው፣ ሌሎችንም ኢትዮጵያውያን ያሳሰበ ነው። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተባለውን የልጆች ዝግጅት የጀመሩት በቤታቸው ሲሆን፣ አሻንጉሊቶቹም ከካልሲ የተሰፉ ነበሩ። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በ2008 ደግሞ ዓለም አቀፍ ሽልማቶችን አገኘ። ባልና ሚስት ሳሎን ውስጥ በካልሲ የጀመሩት ሥራ ስንት ሕፃናትን ፊደል እንዳስቆጠረ አስቡት! ቆየት ብሎም ይኸው ድርጅት “ጥበብ ገርልስ” የተባለውን የካርቱን ፊልም ሠራ፤ በዚያ ውስጥ ልዩ ኀይል ያላቸው ሦስት የአገራችን ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሳሰሉ ጎጂ ልማዶችን ይታገላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በበስራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ “ጀምበር” የተባለውን ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ።

እነዚህን ለባለቤቴ ስነግራት፣ “እንግዲህ የእኛም ካርቶን ቢሆን ብቻውን አይደለም” አለች።

አንድ እግር ያለው ጀግና

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከካርቶኑ የወጣ አንድ ወታደር ግራ እግር አልነበረውም። ሁለት ሦስት እግር ለካሁለት፤ አንዱ ገጠመ። ልጄ ግን እጄን ያዘኝ። “ተወው አባዬ፣ ይሄ እንደ ጓደኛዬ ነው” አለ።

ጓደኛው ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር፣ በአንድ እግሩና በክራንች የሚሄድ ልጅ ነው። ለጀግናው ከሽቦ ክራንች ሠራንለት። ባለቤቴ ትንሽ ጃኬት ሰፋችለት። ልጄም ለጓደኛው ወስዶ ሰጠው።

በማግሥቱ የልጁ እናት በራችንን አንኳኳች። አሻንጉሊቱን በእጅዋ ይዛለች። ሃይማኖታችን ቢለያይም፣ እርሷ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ብትሆንም፣ ከዚያ በፊት ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ያን ዕለት ግን ፊቷ ጠቁሮ ነበር። “ለልጄ አዛኝ አልለመንሁም። እግሩ እንደ ሌለ እርሱም ያውቃል፤ አሻንጉሊት ተሠርቶ ሊነገረው አይገባም” ብላ አሻንጉሊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

እኔ መልስ አጣሁ። ባለቤቴ ግን ሳትከራከርም፣ ራሷንም ልትከላከል ሳትሞክር፣ “እስቲ ቁጭ በይ፣ ቡና ላፍላ” አለቻት። ሴትዮዋ ልትሄድ ትንሽ ካመነታች በኋላ ተቀመጠች። ስኒው ከመቅረቡ በፊት ልጁ ራሱ እናቱን ፍለጋ በክራንቹ እየተንኳኳ መጣ። አሻንጉሊቱን ከጠረጴዛው አነሣና ወደ እኔ ዞረ።

“ጋሼ፣ ክራንቹ ያጥራል” አለኝ። “እንዲህ ቢሆን ይወድቃል። ከብብቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው መቆም ያለበት፤ መጨበጫም የለውም።”

እውነቱን ነው። በሽቦው ላይ መጨበጫ አልሠራንም ነበር። ፒንሳዬን አመጣሁ፤ እርሱ እያሳየኝ፣ የራሱን ክራንች እንደ መለኪያ እየተጠቀመ፣ እንደ ገና ሠራነው። መጨረሻ ላይ አሻንጉሊቱን ጠረጴዛ ላይ አቆመው። አልወደቀም። ልጄ እንደ ደንባችን፣ “የማይችለው ነገር ምንድን ነው?” ብሎ ጠየቀው። ልጁ ለመመለስ ጊዜ አልወሰደበትም። “ፊት መስመር መጫወት አይችልም። በረኛ ግን ነው፤ ማንም አያገባበትም።”

እናቱ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች፤ ከዚያም “በረኛ ከሆነማ ጓንት ስፉለት እንጂ” አለች። ባለቤቴም ከቀይ ጨርቅ ጓንት ሰፋችለት። በእርግጥም ልጁ ከዚያ ወዲህ በመንደራችን የኳስ ጨዋታ በረኛ ሆኖ ይቆማል፤ ክራንቹ ደግሞ ለኳስ ለመድረስ ከእጅ ይረዝማል። ሌሎቹ ልጆች “ይህ አይፈቀድም” ብለው ተከራክረው ነበር፤ በኋላ ግን ተስማሙ።

ባለቤቴ ያን ማታ፣ “የጠየቅሁህን ሦስቱን ጥያቄ አሁንም አልተውኋቸውም። ነገር ግን ካርቶኑ ይቆይ” አለችኝ።

ለመጀመር ብታስቡ

ውድ ወላጆች፣ ይህን በቤታችሁ ልትሞክሩት ብታስቡ፣ እኛ የምንጠነቀቅባቸውን ነገሮች ላካፍላችሁ።

1. ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ትንንሽ ቁራጭ አትስጡ። ለአሻንጉሊት ደኅንነት የወጣው የአሜሪካ መመዘኛ ወርዱ 3.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ አጭር ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ማንኛውም ነገር ሕፃንን ሊያንቅ ይችላል ይላል።

2. ድምፅና መብራት ያለውን አሻንጉሊት ስትፈቱ ክብ የሆነችውን የሰዓት ባትሪና ማግኔቱን ወዲያው ከልጅ አርቁ። እንዲህ ያለች ባትሪ ከተዋጠችና ጉሮሮ ውስጥ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች፤ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

3. በየጓዳው ተርፎ የቆየ የቆርቆሮ ቀለም አትጠቀሙ። እርሳስ የተባለው ማዕድን በቀለም ውስጥ ሲኖር የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ቀለም ግን ምን እንደ ያዘ ማወቅ አይቻልም። ለትምህርት ቤት ሥዕል የሚሸጠው በውኃ የሚሟሟ ቀለም ይሻላል።

4. ሙቅ ውኃው፣ ምላጩ፣ የጋለው መርፌና ሱፐር ግሉ የአዋቂ ሥራ ናቸው። ሱፐር ግሉ ጣትን ከጣት ቢያጣብቅ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ እየዘፈዘፉ ቀስ ብሎ ማላቀቅ እንጂ መጎተት አይገባም።

5. ከሰልባጅ ወይም ከልዋጭ የተገኘ ቁራጭ ከሁሉ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

6. አዲስ አሻንጉሊት ለመፈታታት ብላችሁ አትግዙ። ጨዋታው ከተሰባበረው መሥራት ነውና፣ ጎረቤት ለጎረቤት ቁራጭ መለዋወጥ ይበቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የሦስት ቤት ካርቶን ሲቀላቀል የማይገኝ ክንድ የለም።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ እንደምናነበው፣ ጌታ ያን ሁሉ ሕዝብ ከመገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ ምንም ሳይጣል እንዲሰበሰብ አዝዟል፤ 12 መሶብም ሞልቷል። ያን ያህል እንጀራ ማብዛት የሚችል ጌታ ለፍርፋሪ መጠንቀቁ እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። እኛም ቤት ውስጥ ምን እንደሚጣልና ምን እንደሚሰበሰብ የምንወስነው ባልና ሚስት በአንድነት ተመካክረን ቢሆን መልካም ነው።

እንግዲህ ካርቶኑን ከማውጣታችሁ በፊት፣ ልጆቹ ሲተኙ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተነጋገሩ። ልጃችን ጀግና የሚለው ማንን ነው? ያ ጀግና ለማን ይደርሳል? የማይችለው ነገርስ ምንድን ነው? ያልተስማማችሁበት ነገር ቢኖር አትደንግጡ፤ ሳምንትም ቢፈጅ ተወያዩበት። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፉ፣ ካቻቢቴውን ለልጃችሁ ስጡት፣ የመጀመሪያውን ብሎን እርሱ ይፍታው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።